ሁለት ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አልነሳም ሲል፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

አራት ኪሎ፣ ደረጃ ሥር ባለችው የጥገና ክፍሌ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ጋሼ ዴስክቶፓቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ገቡ። “አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር እስከ ትናንት ድረስ ደህና ሲሠራ ነበር” አሉና ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። ሰካሁት። የዴል ምልክት መጣ፣ ሄደ፣ ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ “ኖ ቡታብል ዲቫይስ ፋውንድ” የሚል ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

“ምን ነካክተውት ነው ጋሼ?”

“ኧረ ምንም!”

ክዳኑን ስከፍተው የ3.5 ኢንቹ ሃርድ ዲስክ ቦታ ባዶ ነው፤ ሁለት ኬብሎች ብቻ ተንጠልጥለዋል። “እዚህ የነበረውስ?” ስላቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ዲስክ አወጡ። “እሱማ አሮጌው ነው። ዊንዶው ያለው አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ነው ብለውኝ የለ? አሮጌውን ልጄ ፎቶ ታስቀምጥበት ብዬ ነቀልኩት።” እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ያሳዩት ሰው “ዊንዶው ሞቷል፣ ፎርማት ነው” ብሏቸዋል። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራ የስንት ዓመት ሂሳብ ያለበት ማሽን ነው። ዲስኩን መልሼ ሰካሁት፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ።

ዊንዶውስ አልሞተም ነበር። መነሻው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የእሳቸው ዓይነት ብልሽት በጣም ስለበዛ ነው። ያገለገሉ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች ላይ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣኑን ዲስክ፣ መጨመር እዚህ ከተማ የተለመደ ሆኗል፤ ጥሩም ነው፣ አሮጌ ማሽን ነፍስ ይዘራል። ግን ሁለተኛው ዲስክ ሲገባ ኮምፒውተሩ “ከየት ልነሳ?” የሚለውን ጥያቄ በሁለት መንገድ ሊመልሰው ይችላል፤ ጣጣውም የሚጀምረው እዚያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ

ዊንዶውስ ያለበት ዲስክና ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ኮምፒውተሩን ስታበሩት መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ እኛ ግን ሁሉንም ባዮስ እያልን ነው የምንጠራው። እሱ ዊንዶውስን በቀጥታ አያውቀውም። የሚያውቀው አንዲት ትንሽ የዲስክ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ነው፦ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የምትሆን፣ በፋት32 የተሠራች፣ በመደበኛው የፋይል መስኮት የማትታይ። የመነሻ ፋይሎቹ ያሉት እዚያ ነው። እነሱ ናቸው “ዊንዶውስ እዚያኛው ዲስክ ላይ አለልህ” ብለው የሚመሩት።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ እንደተሰካ ዊንዶውስን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ስትጭኑ፣ መጫኛው አሮጌው ዲስክ ላይ እንዲህ ያለች ክፍልፋይ ካገኘ ብዙ ጊዜ አዲስ አይሠራም። የመነሻ ፋይሎቹን እዚያው አሮጌው ላይ ይጥላቸውና ዊንዶውስን ራሱን ኤስኤስዲው ላይ ያደርጋል። ሁለቱ ዲስኮች አብረው እስካሉ ድረስ ማንም አይነቃም። አሮጌው የተነቀለ ወይም የተቃጠለ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ማሽናችሁ አሁን እየሠራ ከሆነ አሁኑኑ ማየት ትችላላችሁ። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርጉና “ዲስክ ማኔጅመንት” የሚለውን ክፈቱ። ታች “ዲስክ 0”፣ “ዲስክ 1” እያለ ይደረድርላችኋል። “ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን” የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በአሮጌው አሠራር የተጫነ ከሆነ ደግሞ “ሲስተም” እና “አክቲቭ” የሚል የተጻፈበት ዲስክ መነሻችሁ እሱ ነው። ስሙ እንዳያደናግራችሁ፤ ማይክሮሶፍት የመነሻ ፋይሎቹ ያሉበትን “ሲስተም”፣ ዊንዶውስ ያለበትን ደግሞ “ቡት” ብሎ ሰይሞታል። ለምን እንደገለበጠው እኔን አትጠይቁኝ።

ዊንዶው ይጫንበት ከማለታችሁ በፊት

ስክሪኑ ላይ የመጣውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ለሚያግዛችሁ ሰው “አልነሳም አለኝ” ከማለት ያ ፎቶ ብዙ ይናገራል። “ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ”፣ “ኖ ቡታብል ዲቫይስ”፣ “ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ” የሚሉት ሁሉ ባዮሱ መነሻውን አጥቶታል ማለት ነው። ኤችፒ ላይ ከጎኑ 3ኤፍ0 የሚል ቁጥር ይጽፋል። “ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ” ካለ ዲስኩን አግኝቶታል፣ የመነሻ ፋይሉን ግን አላገኘም። ሰማያዊ ስክሪን ላይ “ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ” ካለ ዊንዶውስ መነሳት ጀምሯል፣ የራሱን ዲስክ ማንበብ ነው ያቃተው። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ከዚያ ፍላሽ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ የስልክ ኬብል፣ ሜሞሪ ካርድ፣ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ኪቦርዱ ብቻ ይቅር። ፍላሽ ተረስቶበት “ተበላሸ” ተብሎ የመጣልኝ ማሽን ቁጥር ስፍር የለውም። ባዮሱ ፍላሹን መጀመሪያ እንዲያይ ተደርጎ ከሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ቆሞ ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ወይም ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ ከበራ፣ ባዮስ ውስጥ አንዳንድ ነገር ስትቀይሩ በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ባዮሱን ከመነካካታችሁ በፊት ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብታችሁ ቁልፉ መኖሩን አረጋግጡ። የመሥሪያ ቤት ማሽን ከሆነ አይቲ ክፍላችሁን ጠይቁ።

ባዮሱ ዲስኮቹን ያያቸዋል ወይ?

የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ይንጠለጠላል። ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩና የባዮስ መግቢያ ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ። ዴል ላይ ኤፍ 2 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1፣ ተገጣጥመው የተሠሩት ዴስክቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዲሊት። ለአንድ ጊዜ ብቻ የመነሻ ዲስክ የሚያስመርጠው ዝርዝር ደግሞ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤፍ 11 ነው።

የመምረጫ ዝርዝሩን መጀመሪያ ሞክሩት፤ ምንም አይቀይርም፣ ስለዚህ አያስፈራም። “ዊንዶውስ ቡት ማናጀር” የሚል መስመር ካለ እሱን ምረጡ። አንዳንድ ባዮሶች ከአጠገቡ የዲስኩን ስም ይጽፋሉ፤ ያ ስም የመነሻ ፋይሉ የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። እዚያ ገብቶ ከተነሳ በሽታው የቅደም ተከተል ብቻ ነበር፦ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ “ዊንዶውስ ቡት ማናጀር” የሚለውን ከሁሉ በላይ አድርጉት፣ አስቀምጣችሁ ውጡ፣ አለቀ። የዲስኩን ስም ብቻ ከላይ አድርጋችሁ ይህን መስመር ታች ከተዋችሁት ላይነሳ ይችላል።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ወደ ሶፍትዌር አትሂዱ። ብረቱ ላይ ነው ነገሩ።

ብረቱን ማየት

ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው የሚወልቅ ከሆነ አውልቁት። የኬዙን ብረት በእጃችሁ ንኩና ጀምሩ።

ሳታ በሚባለው የተለመደው መስመር የሚሰካ ዲስክ ሁለት ኬብል አለው፤ ጠባቡ የዳታ፣ ሰፊው የኃይል። የዳታው ኬብል ርካሽና ደካማ ነገር ነው፤ መቆለፊያ የሌለው ከሆነ ኬዙን ከቤት ወደ ቢሮ በሚኒባስ ስታጓጉዙት ብቻ ሊላላ ይችላል። ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ካልሆነ በሚሠራው ዲስክ ኬብል ቀይሩት። ዲስኩ አሁን ከታየ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። ካልታየ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።

ሃርድ ዲስክን በጆሮም ማወቅ ይቻላል። መብራት ሲያገኝ እንደ ትንሽ ማራገቢያ እየጨመረ የሚሄድ ድምፅ አለው። ምንም ድምፅ ከሌለው ኃይል አልደረሰውም ወይም ተቃጥሏል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከቆመ ውስጡ ተጎድቷል፤ ወዲያው አጥፉት። ዳታው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደጋግማችሁ አታብሩት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ይጎዳዋል። የድሮ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሁለት ሦስት ሃርድ ዲስክ ስትጨምሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። 3.5 ኢንቹ ዲስክ ሲነሳ በ12 ቮልት መስመሩ ላይ እስከ 2 አምፒር ሊስብ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻውን ይነሳል፣ ሁለቱ አብረው ሲሰኩ ማሽኑ ይጠፋል ወይም አንደኛው ይሰወራል።

በነገራችን ላይ “ሃርድ ዲስክ አዲስ አበባ ላይ የሚበላሸው በከፍታው ነው” የሚሉ አሉ። የሃርድ ዲስክ አንባቢ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ግን ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የሚወጡት። አራት ኪሎ ከዚያ በታች ነው። እንጦጦ አናት ላይ ቢሮ ካልከፈታችሁ አያሳስባችሁም።

ኤም.2 የምትባለዋ ማስቲካ የምታህለው ኤስኤስዲ ግን የራሷ ዘዴ አላት። ሁለት ዓይነት ናት፦ በሳታ የምትናገርና ከሳታ በሚፈጥነው በኤንቪኤምኢ የምትናገር። እግሯ ላይ ሁለት ቦታ ከተሰነጠቀች አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ናት፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ። ቀዳዳው አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሌላኛዋ ብትገባም አትታይም። እየገዛችሁ ከሆነ የማሽኑን ሙሉ ሞዴል በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ሻጩ “ትሠራለች” ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኤንቪኤምኢን በካርድ አስገብተው ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ሲታይ የሚደሰቱም አሉ፤ ባዮሱ ኤንቪኤምኢ የማያውቅ ከሆነ ግን ከእሷ አይነሳም፣ ለዳታ ብቻ ነው የምታገለግለው።

ይህችኛዋ ደግሞ ብዙ ሰው አሳስታለች፦ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም.2ው ቀዳዳ ከአንድ ወይም ከሁለት የሳታ ቀዳዳ ጋር መስመር ይጋራል። አዲሷን ስትሰኩ እዚያ የነበረው ሃርድ ዲስክ ይጠፋል። ተቃጠለ ብላችሁ አትጣሉት! ወደ ሌላ የሳታ ቀዳዳ አዛውሩት፣ ይመጣል።

ላፕቶፕ ላይ በዲቪዲው ቦታ በሚገባው ካዲ ሁለተኛ ዲስክ የጨመራችሁ ደግሞ ኤስኤስዲውን ዋናው ቦታ፣ ሃርድ ዲስኩን ካዲው ውስጥ አድርጉ። ከካዲ መነሳት የማይፈልጉ ላፕቶፖች አሉ። ካዲው 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ስትገዙ ለኩ።

አንድ በአንድ መፈተን

ባዮሱ ሁለቱንም አይቶ አሁንም ካልተነሳ፣ ወይም አንዱ ሲነቀል እምቢ ካለ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እየሰካችሁ ሞክሩ። እኔ ከጥገና ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ግምት አይፈልግም።

ዊንዶውስ ያለበትን ኤስኤስዲ ብቻውን ሰኩ። ከተነሳ ኤስኤስዲው በራሱ ይበቃል፣ ችግር የሚፈጥረው ሌላኛው ነው። ካልተነሳ አሮጌውን ብቻውን ሰኩ። አሮጌው ብቻውን ሲሆን “ዊንዶውስ አልተገኘም” ዓይነት ሰማያዊ መልእክት ካመጣ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከተነሳ፣ የጋሼ በሽታ ነው ማለት ነው፦ ዊንዶውስ እዚህ፣ መነሻው እዚያ።

ሁለቱም ብቻ ብቻቸውን ተነስተው አንድ ላይ ሲሆኑ የማይነሱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንዱ የሌላው ቅጂ ነው። ክሎን ካደረጋችሁ በኋላ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ይይዛሉ፤ ዊንዶውስ ግራ ተጋብቶ አንዱን ያጠፋዋል ወይም ከአሮጌው ይነሳል። ክሎን ካደረጋችሁ በኋላ መጀመሪያ ስታበሩ አሮጌው መነቀል አለበት። አዲሱ ብቻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳ በኋላ ነው አሮጌውን መልሳችሁ የምታጸዱት።

ኤስኤስዲው ብቻውን ሲሆን በ20 ሰከንድ ተነስቶ፣ የዳታው ዲስክ ሲጨመር ምልክቱ ላይ አምስት ደቂቃ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዳታው ዲስክ እየሞተ ነው። መነሻው ባይሆን እንኳ ባዮሱም ዊንዶውስም መልስ እስኪሰጣቸው ይጠብቁታል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስገቡና እዩት፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካለ፣ በተለይ 05 እና ሲ5 የሚሉት መስመሮች መጨረሻ ላይ፣ “ሮው ቫሊዩስ” በሚለው ዓምድ ሥር፣ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለ፣ ዳታችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ከሆነ

መብራት ከመጥፋቱ በፊት ይነሳ የነበረ፣ ሲመጣ እምቢ ያለ ማሽን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ባዮስ ውስጥ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ ባለ 3 ቮልት፣ የመኪና ቁልፍ ውስጥ የምትገባዋ ክብ ባትሪ። እሷ ካለቀች ኮምፒውተሩ ከግድግዳው በተነቀለ ቁጥር ባዮሱ ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል፦ የዲስክ ቅደም ተከተሉን፣ የአነሳስ ዘዴውን፣ የሳታ ዘዴውን። እኔ ከ2.7 ቮልት በታች ካነበበች እቀይራለሁ።

ባትሪውን ከቀየራችሁ በኋላ ሁለት ነገር አስተካክሉ።

አንደኛው አነሳሱ ነው። ዲስክ በክፍልፋይ የሚከፈልበት ዘዴ ሁለት ነው፣ ጂፒቲና ኤምቢአር፤ ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ ጂፒቲ ከሆነ ባዮሱ ዩኢኤፍአይ ላይ መሆን አለበት፤ ኤምቢአር ከሆነ ሌጋሲ ወይም ሲኤስኤም በሚባለው በአሮጌው አነሳስ ላይ። ከተምታታ ዲስኩ እየታየ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ኤምቢአር አሮጌው ዘዴ ነው፣ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ዲስክ ሙሉውን መጠቀም አይችልም።

ሁለተኛው የሳታ ዘዴው፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ከዲስኮቹ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው፦ ኤኤችሲአይ ወይስ ሬይድ። ዊንዶውስ ሲጫን በነበረው ላይ ካልሆነ “ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ” የሚለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ የዴል ማሽኖች ባዮሳቸው ሲረሳ ወደ ሬይድ ይመለሳሉ። ፍርሃት አያስፈልግም፣ ወደ ሌላኛው ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ዲስኮቹ በሬይድ የተጣመሩ ካልሆኑ ዳታ አይነካም። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ አለ፤ እሱ ከበራ የዊንዶውስ መጫኛው ኤስኤስዲውን ጭራሽ ላያየው ይችላል፣ የአምራቹን ድራይቨር በፍላሽ መስጠት ያስፈልጋል። ቀድሞ በተጫነ ማሽን ላይ ግን ቪኤምዲን እንዲሁ አታጥፉት።

መነሻውን ኤስኤስዲው ላይ መሥራት

ወደ ጋሼ ማሽን እንመለስ። ዲስኩን መልሶ መሰካት ማስታገሻ ነው፤ አሮጌው ዲስክ የሞተ ቀን ኮምፒውተሩም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ኤስኤስዲው በራሱ እንዲነሳ እናደርጋለን። ዊንዶውስ አይጫንም፣ ፎርማት የሚደረግ ዳታ የለም። ቢሆንም ዋናውን ዳታ መጀመሪያ ቅዱ፤ ሁለቱን ዲስክ ሰክታችሁ ማሽኑን አስነስታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ። ዩፒኤስ ካላችሁ አሁን ነው የሚያስፈልገው።

8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የሚወርደውን የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጁ። አሮጌውን ዲስክ ንቀሉት፤ ያልተሰካ ዲስክ በስህተት አይጠፋም። ኤስኤስዲውና ፍላሹ ብቻ ይቅሩ። ከመምረጫ ዝርዝሩ “ዩኢኤፍአይ” የሚል ከፊቱ ያለበትን የፍላሹን ስም ምረጡ። ቋንቋ የሚያስመርጠው መስኮት ሲመጣ ሺፍትና ኤፍ 10ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል።

ትእዛዞቹን የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እኔ አነባበባቸውን ነው የማስቀምጠው። ከእያንዳንዱ በኋላ ኢንተር።

1. ዲስክፓርት
2. ሊስት ዲስክ። እዚህ ኤስኤስዲውን በመጠኑ ለዩት። 256 የተባለው 238 ሆኖ ነው የሚታየው፣ 512ቱ 476፣ 1 ቴራው 931። በመጨረሻው ዓምድ ጂፒቲ በሚለው ሥር የኮከብ ምልክት ካለ ጂፒቲ ነው፣ ቀጥሉ። ከሌለ ኤምቢአር ነው፤ እዚህ ቁሙና ከታች ያለውን አንብቡ።
3. ሊስት ቮልዩም። ዊንዶውስ ያለበትን ትልቁን ክፍልፋይ ፈልጉ። እዚህ መስኮት ውስጥ ፊደሉ ሲ ላይሆን ይችላል፣ ዲ ወይም ኢ ሊሆን ይችላል። ፊደሉንም ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉ።
4. ሰሌክት ቮልዩም፣ ከዚያ የጻፋችሁት ቁጥር።
5. ሽሪንክ ዲዛየርድ=500። ከዊንዶውስ ክፍልፋይ መጨረሻ ላይ ግማሽ ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ይለቃል፤ ፋይል አይነካም።
6. ሰሌክት ዲስክ፣ ከዚያ የኤስኤስዲው ቁጥር።
7. ክሬት ፓርቲሽን ኢኤፍአይ ሳይዝ=300
8. ፎርማት ኩዊክ ኤፍኤስ=ፋት32። ይህ የሚቀርጸው አሁን የተፈጠረችውን ትንሽ ክፍልፋይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 7ኛው ትእዛዝ ስህተት ካወጣ 8ኛውን አትጻፉ።
9. አሳይን ሌተር=ዜድ
10. ኤግዚት

ከዲስክፓርት ወጥታችኋል። አሁን ዋናዋ ትእዛዝ፣ ዊንዶውስ ሲ ላይ ከሆነ፦

ቢሲዲቡት ሲ:\ዊንዶውስ /ኤስ ዜድ: /ኤፍ ዩኢኤፍአይ

የመነሻ ፋይሎቹ በተሳካ ሁኔታ ተፈጠሩ የሚል መልእክት ይሰጣችኋል። ፍላሹን ነቅላችሁ ማሽኑን አስነሱት።

ዲስክፓርት ውስጥ “ክሊን” የሚባል ትእዛዝ አለ። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። የመረጣችሁትን ዲስክ ክፍልፋዮች በሙሉ ሳይጠይቅ ያጠፋል። እዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። “ቡትሬክ /ፊክስቡት” የሚባለውንም ብዙዎች ይመክራሉ፤ ዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ “አክሰስ ኢዝ ዲናይድ” እያለ ሰው ሲያደክም ነው የሚውለው። ቢሲዲቡት ይበቃል።

ኤስኤስዲው ኤምቢአር ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ማሽኑ ዩኢኤፍአይ የሚችል ከሆነ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1703 ጀምሮ “ኤምቢአር2ጂፒቲ” የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ዳታውን ሳያጠፋ ዲስኩን ወደ ጂፒቲ ይቀይርና የመነሻ ክፍልፋይዋን ራሱ ይሠራል። ዲስኩ ላይ ከሦስት በላይ ክፍልፋይ ካለ እምቢ ይላል። መነሻው ሌላ ዲስክ ላይ ሲሆንም ብዙ ጊዜ አይሳካለትም። ማሽኑ ዩኢኤፍአይ የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ይኼ መሣሪያ እምቢ ካለ፣ ፍላሹን በሌጋሲ አስነስታችሁ ዲስክፓርት ውስጥ የዊንዶውስ ክፍልፋዩን ምረጡና “አክቲቭ” ብላችሁ ጻፉ፤ ውጡና “ቢሲዲቡት ሲ:\ዊንዶውስ /ኤስ ሲ: /ኤፍ ባዮስ”፣ ቀጥሎ “ቡትሬክ /ፊክስኤምቢአር”። “አክቲቭ” የሚባለው ኤምቢአር ላይ ብቻ ነው፣ ጂፒቲ ላይ አይሠራም።

ኡቡንቱም ካለ

አንዱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ፣ ሌላው ላይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃውን ኡቡንቱ የጫናችሁ፣ የኡቡንቱውን ዲስክ ነቅላችሁ ወይም ክፍልፋዩን አጥፍታችሁ “ግረብ ሬስኪው” የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆማችሁ፣ ዊንዶውስ ደህና ነው። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ “ዊንዶውስ ቡት ማናጀር”ን ከ“ኡቡንቱ” በላይ አድርጉት። መስመሩ ከሌለ ከላይ ያለውን ቢሲዲቡት ሥሩ።

ሌላ ጊዜ ስትጭኑ

ዊንዶውስን እንደገና የምትጭኑ ወይም የምታስጭኑ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ዊንዶውስ የሚገባበት ዲስክ ብቻ ይሰካ። ሌሎቹ ኬብላቸው ይነቀል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ጠጋኙም “አያስፈልግም” ቢላችሁ ቆማችሁ አስነቅሉት። ሲያልቅ ሌሎቹ ይመለሳሉ፣ ፊደላቸውን ዊንዶውስ ራሱ ይሰጣቸዋል። እግረ መንገዳችሁን እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ወረቀት ለጥፉና “ዊንዶውስ”፣ “ዳታ” ብላችሁ ጻፉ።

የጋሼን ማሽን እንዲህ ሠርቼ አስነሳሁት። ዊንዶውስ መጣ፣ ፒችትሪውን ከፈቱና የሰኔን ሂሳብ አገላብጠው አዩ። አሮጌውን ዲስክ በሶፍቱ መልሰው እየጠቀለሉ ሳለ ቆም አሉ።

“ይህንን ይዤ ወጥቼ፣ ደረጃው ላይ ስደርስ እንደገና አልነሳም ቢልስ?”

እውነታቸውን ነው። ማሽኑን አጠፋሁት፣ ሶኬቱንም ከግድግዳው ነቀልኩና ትንሽ ቆየን። ዲስኩን ኪሳቸው ከተው እስከ ደረጃው ሄዱ፤ እዚያ ሆነው “አብራው!” አሉኝ። አበራሁት።